ሃያ መስመር ያለው ወረቀት፦ የፒሲኤል-5 የትራውማ መጠይቅ ሲገመገም

ፒሲኤል-5 ሃያ ጥያቄዎች ያሉት፣ ለመሙላት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድና ያለ ክፍያ የሚገኝ አጭር መጠይቅ ነው። ዓላማው አንድ ሰው ትራውማ የሚባል አሰቃቂ ነገር ከደረሰበት በኋላ፣ በምህጻሩ ፒቲኤስዲ የሚባለው የጭንቀት መታወክ ምልክቶች ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ምን ያህል እንዳስቸገሩት ራሱ በራሱ እጅ እንዲመዝን ማድረግ ነው። ይህን መጠይቅ ከሁለት ወገን አውቀዋለሁ፤ በምክር አገልግሎት ሥራዬ ለብዙ ሰዎች ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ከመኪና አደጋ በኋላ እኔው ራሴ ተሰጥቶኝ ሞልቼዋለሁ። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሁለቱም ወገን ሆኜ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ከወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የሚያየው፣ ብዙ ጊዜም ሌላውን ትቶ የሚያየው፣ ከታች የተጻፈውን ድምር ነው፤ ከወረቀቱ ሁሉ ስለ ሰውየው ጥቂት የሚናገረው ደግሞ ያው ድምር ነው።

መጠይቁን ያዘጋጀው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር የሚገኘው ብሔራዊ የፒቲኤስዲ ማዕከል ነው። የመጀመሪያው ፒሲኤል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፍራንክ ዌዘርስና በባልደረቦቹ ሲዘጋጅ 17 ጥያቄዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይመዘን ስለነበረ አንድም ምልክት የሌለው ሰው እንኳ 17 ነጥብ ይዞ ይወጣ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ዲኤስኤም-5 የተባለውን የምርመራ መመሪያ ሲያወጣ የምልክቶቹ ቁጥር ወደ 20 ከፍ ስላለ መጠይቁም አብሮ ተለወጠ፤ ሚዛኑም ከ0 እስከ 4 ሆነ። የአሁኑ ድምር እንግዲህ ከ0 እስከ 80 ይደርሳል። የአሮጌው ቅጂ 40 ነጥብና የአዲሱ ቅጂ 40 ነጥብ አንድ አይደሉም፤ የቀድሞ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው የትኛውን ቅጂ እንደያዘ ሳያረጋግጥ ቁጥር ከቁጥር ባያስተያይ ይሻለዋል።

ሃያዎቹ ጥያቄዎች በአራት ምድብ ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ያለፈው ነገር ሳይጠራ ተመልሶ ስለመምጣቱ ይጠይቃሉ፤ ያልተፈለገ ትዝታ፣ ቅዠት፣ ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ መስሎ መታየት፣ አስታዋሽ ነገር ሲያጋጥም የሚመጣ የስሜት መረበሽ፣ እንዲሁም እንደ ልብ መምታትና ማላብ ያለ የሰውነት ምላሽ እዚህ ውስጥ ናቸው። 6ኛውና 7ኛው ስለ ሽሽት ናቸው፤ አንዱ ከሐሳቡና ከስሜቱ መሸሽን፣ ሌላው ከቦታው፣ ከሰዎቹና ከወሬው መሸሽን ይመለከታል። ከ8ኛው እስከ 14ኛው ያሉት በአስተሳሰብና በስሜት ላይ የደረሰውን ለውጥ ይከታተላሉ፤ ራስንና ዓለምን በክፉ ከማየት ጀምሮ ከሰው እስከ መራቅና ደስታን እስከ ማጣት ድረስ። የመጨረሻዎቹ ስድስቱ ሰውነት ከተጠንቀቅ አልወርድ ሲል የሚታየውን ይዘረዝራሉ፤ ግልፍተኝነትን፣ ራስን ለአደጋ ማጋለጥን፣ ዙሪያን ያለማቋረጥ መቃኘትን፣ መበርገግን፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልንና እንቅልፍ ማጣትን።

ለሚሞላው ሰው መጠይቁ የዋህ ነው ማለት እችላለሁ። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፤ የሕክምና ቃል የላቸውም፤ የሆነውንም ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድንተርክ አያስገድዱም። የደረሰበትን ሊናገር ሲል ድምፁ የሚታፈን ሰው ቁጥር መክበብ ግን አያቅተውም። እኔ ከአደጋው በኋላ የፍሬን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መሪ የጨበጥኩ ያህል እጄ ይጨበጥ ነበር፤ ይህን ለማንም ሳልናገር አእምሮዬን እያጣሁ ነው ብዬ ለሳምንታት ፈርቼ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ፣ እንዲህ ያለው ነገር በታተመ ወረቀት ላይ የሚጠየቅ ከሆነ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ደርሶበታል ማለት ነው የሚል ሐሳብ መጣልኝና ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ያ እፎይታ ከየትኛውም ነጥብ አልመጣም፤ ከጥያቄው መኖር መጣ።

በአማርኛ ሲሞላ አንድ ችግር አለው። አምስቱ የመልስ ደረጃዎች በጭራሽ፣ በጥቂቱ፣ በመጠኑ፣ በጣም፣ እጅግ በጣም የሚል መልክ ይይዛሉ። በጣም የሚለውን ቃል በየዕለቱ ንግግራችን ለሁሉም ነገር ስለምንጠቀምበት ጉልበቱ ሳስቷል፤ ስለዚህ አንዱ ሰው 3 ብሎ የሚከበው ሌላው 4 ብሎ ከሚከበው ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ነገሩን ለማርገብ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፤ መጠይቁን የሞላውን ሰው አንድ ሁለት መስመር መርጬ፣ ይህ በሳምንት ስንት ጊዜ ይመጣል፣ ሲመጣስ ምን ያስተጓጉላል ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልሱ ቁጥሩን አይለውጥም፤ የቁጥሩን ክብደት ግን ያሳውቀኛል።

መጠይቁ በሦስት ዓይነት ይገኛል። አንዱ ሃያዎቹን ጥያቄዎች ብቻ ይዟል፤ ሁለተኛው ስለ ክስተቱ የሚጠይቅ አጭር ክፍል ተጨምሮበታል፤ ሦስተኛው ኤልኢሲ-5 ከተባለውና 16 ዓይነት አስከፊ ክስተቶችን ዘርዝሮ 17ኛ ላይ ሌላ የሚል መስመር ከሚተው ቅጽ ጋር ይሰጣል። ሥራ ሲበዛ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ አጭር ነውና። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ ያ ክስተት እያሉ አንድ የተወሰነ ነገር ያመለክታሉ፤ የሞላው ሰው ግን የትኛውን ክስተት እንዳሰበ ካልተጻፈ መልሶቹ የምን መልስ እንደሆኑ አይታወቅም። አንዱ በልጅነቱ የደረሰበትን ጥቃት ያስባል፤ ሌላው ባለፈው ወር ከሥራ መሰናበቱን ያስባል፤ ሁለተኛው የቱንም ያህል ቢያምም ዲኤስኤም-5 ለፒቲኤስዲ መነሻ ከሚላቸው፣ ማለትም ከሞት ወይም ከሞት ሥጋት፣ ከከባድ ጉዳትና ከወሲባዊ ጥቃት ውስጥ አይገባም። ይባስ ብሎ ያው አንድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አንዱ፣ በአምስተኛው ሳምንት ስለ ሌላው እያሰበ ሊሞላ ይችላል። በወረቀቱ አናት ላይ ክስተቱን በሦስት አራት ቃል መጻፍ፣ ለምሳሌ የመኪናው አደጋ ብሎ ብቻ ማስቀመጥ፣ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ዝርዝር አያስፈልገውም።

ከጥያቄዎቹም አንዳንዶቹ ራሳቸው ሊታረሙ የሚገባቸው ናቸው። 10ኛው ስለሆነው ነገር ራስን ወይም ሌላ ሰውን መውቀስን በአንድ ላይ ይጠይቃል፤ ራሷን የምትወቅስ የጥቃት ሰለባና ጥቃት አድራሹን የምትወቅስ ሌላ ሴት ሁለቱም 4 ሊከብቡ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። 11ኛው ፍርሃትን፣ ድንጋጤን፣ ቁጣን፣ ጸጸትንና ኀፍረትን በአንድ ቋት ይጨምራቸዋል። ፍርሃትና ኀፍረት የሚያድሩበት ልብ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚወጡበት በር ግን አንድ አይደለም። 8ኛው፣ የክስተቱን ዋና ክፍል ማስታወስ ያስቸግራል ወይ የሚለው፣ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት በደረሰበት ሰው ዘንድ ከትራውማው ይሁን ከጉዳቱ መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ስለ ቅዠት ይጠይቃል፤ ቅዠቱን ፈርቶ እስኪነጋ ዓይኑን የማይከድን ሰው ግን ቅዠት የለኝም ቢል አልዋሸም።

ወደ ድምሩ ልመለስ። ማዕከሉ ለፒሲኤል-5 የሚያመለክተው ወሰን ከ31 እስከ 33 ነጥብ ባለው መካከል ነው፤ ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ፒቲኤስዲ ሊኖርበት ስለሚችል ይበልጥ ይመርመር ለማለት ነው። ይህ ወሰን በዋናነት የተጠናው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችና በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ሲሆን፣ በሌላ ሕዝብና በሌላ ቋንቋ የሚሠራው ወሰን ዝቅም ከፍም ሊል ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን ወሰኑ በትክክል ቢሠራም እንኳ በቦታው የሚወሰን መሆኑ ነው። ለስሌት ያህል፣ ችግሩ ካለባቸው 100 ሰዎች 80ዎቹን የሚይዝ፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎችም 80ዎቹን በትክክል የሚያሳልፍ መጠይቅ አለን እንበል። ችግሩ ለ1,000 ሰው 50 ብቻ ባለበት ተራ ሕዝብ መካከል ብናድለው፣ ከ50ዎቹ 40ውን ይይዛል፤ ከቀሩት 950 ሰዎች ግን 190ውን በስሕተት ይይዛል። ከወሰኑ በላይ ከወጡት 230 ሰዎች እውነተኛዎቹ 40 ናቸው፤ ከመቶ 17 ያህል ማለት ነው። ያንኑ ወረቀት ከ1,000 ሰው 500ው ችግሩ ባለበት የሕክምና ክፍል ብናድለው ደግሞ 400ውን በትክክል፣ 100ውን በስሕተት ይይዛል፤ ከመቶ 80 መሆኑ ነው። ወረቀቱ ያው ነው፤ ነጥቡም ያው 35 ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን በማን እጅ እንደወደቀ ይለያያል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሠራተኛ ሁሉ አድሎ ከወሰኑ በላይ የወጣውን በሽተኛ ነው ብሎ መመዝገብ፣ ከአምስት ሰው አራቱን ያለ ስሙ መጥራት ነው።

ድምሩን ትቶ በምድብ የማየት ሌላ መንገድም አለ። 2 ወይም ከዚያ በላይ የተሰጠው መስመር ሁሉ እንዳለ ምልክት ይቆጠርና፣ ከመጀመሪያው ምድብ ቢያንስ 1፣ ከሽሽት 1፣ ከአስተሳሰብና ስሜት 2፣ ከተጠንቀቅ 2 ከተገኘ ጊዜያዊ ምርመራ ይባላል። ይህ ከድምሩ ይሻላል፤ የምልክቶቹን አቀማመጥ ያያልና። ቢሆንም ስንት ዓይነት ሰው በዚህ በር እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምድብ በ31 መንገድ ሊሟላ ይችላል፤ ሁለተኛው በ3፣ ሦስተኛው በ120፣ አራተኛው በ57። እነዚህ ሲባዙ 636,120 ይሆናሉ። ጋላትዘር-ሌቪና ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ይህ ቁጥር፣ ያንኑ አንድ የበሽታ ስም የተሸከሙ ሁለት ሰዎች የምልክት አቀማመጣቸው ምን ያህል ሊራራቅ እንደሚችል ያሳያል። አንዱ በቅዠትና በመበርገግ ይሠቃያል፤ ሌላው ቅዠት አያውቅም፣ ነገር ግን ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ከመስታወት ጀርባ ያለ ያህል ምንም አይሰማውም። ሁለቱም 42 ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ።

መስመሮቹን ማንበብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን በማገገሚያው ወቅት ነው። ከሃያዎቹ ውስጥ ሁለቱ የሽሽት ጥያቄዎች ከሌሎቹ ጋር ያላቸው ዝምድና እንግዳ ነው፤ ሽሽት የተዋጣለት ሰው ሌሎቹ ምልክቶቹ ዝቅ ይላሉ። መኪና ውስጥ ፈጽሞ የማይገባ ሰው በመኪና ውስጥ አይርበተበትም፤ ወሬውን የሚያነሣበት ሰው ሁሉ የራቀው ሰው ወሬው ሲነሣ አይታወክም። ለምሳሌ እንዲሆን ሁለት ወረቀት ላስቀምጥ። በመጀመሪያው የትዝታው ምድብ 8፣ ሽሽት 8፣ አስተሳሰብና ስሜት 16፣ ተጠንቀቅ 12 ሆኖ ድምሩ 44 ነው። ከስድስት ሳምንት ሕክምና በኋላ ትዝታው 12፣ ሽሽት 3፣ አስተሳሰብና ስሜት 15፣ ተጠንቀቅ 13 ሆኖ ድምሩ 43 ይሆናል። ድምር ብቻ የሚያይ ባለሙያ ስድስት ሳምንት በከንቱ አለፈ ይላል። ታካሚውም ይህንኑ ሰምቶ ይቀራል። መስመሮቹን የሚያነብ ሰው ግን ሽሽቱ ከ8 ወደ 3 መውረዱን ያያል፤ ሰውየው ወደ ሸሸው ነገር መመለስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ትዝታው የጨመረውም የተዘጋው በር ስለተከፈተ ነው። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ያለበት ትዝታው እየተለመደ መውረዱን ነው። በጥናት የተደገፉት ዋና ዋናዎቹ የትራውማ ሕክምናዎች፣ ፓትሪሻ ሬዚክ የቀረጸችው አብዛኛውን ጊዜ 12 ክፍለ ጊዜ የሚፈጀው የአስተሳሰብ ሕክምናም ሆነ ኤድና ፎዋ የቀረጸችው ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ የሚወስደው የተፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ የመጋፈጥ ሕክምና፣ ሰውን ወደ ሸሸው ነገር የሚመልሱ በመሆናቸው እንዲህ ያለ መካከለኛ ወቅት ለአንዳንዱ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ሁሉም ሰው ይብስበታል ማለቴ አይደለም። የባሰበት ግን ወረቀቱን ከእሱ ጋር አብሮ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል።

ነጥቡ ሲቀንስስ? ለቀድሞው ቅጂ ይጠቀስ የነበረው ልኬት 5 ነጥብ መቀነስ ከአጋጣሚ ያለፈ ለውጥን፣ 10 ነጥብ መቀነስ ደግሞ በኑሮ የሚታወቅ ለውጥን ያሳያል የሚል ነበር። በፒሲኤል-5 ላይ በኋላ የተሠራ ጥናት ወሰኑን ወደ 15 ነጥብ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ 4 ወይም 5 ነጥብ ስለወረደ ደስታን ማወጅ፣ ስለጨመረም መደንገጥ አይገባም። ሰው እርዳታ ፍለጋ የሚወጣው በከፋበት ሰሞን መሆኑንም አንርሳ፤ ምንም ሳይደረግለት እንኳ የሚቀጥለው ወር ነጥቡ ዝቅ ሊል ይችላል። በየሳምንቱ የሚሞላ ከሆነ ያለፈውን አንድ ሳምንት ብቻ የሚጠይቀውን ቅጂ መጠቀም ይሻላል፤ የወሩን ቅጂ በየሳምንቱ መሙላት ያንኑ ክፉ ቀን አራት ጊዜ እንደ መቁጠር ነው።

መጠይቁ የማይጠይቃቸው ነገሮችም አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ለሕይወት አስጊ ነው። ከሃያዎቹ መስመሮች ውስጥ ራስን ስለማጥፋት የሚጠይቅ የለም። 16ኛው ራስን ለአደጋ ስለማጋለጥ ይጠይቃል፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ለድባቴ የሚሰጠው ፒኤችኪው-9 በ9ኛው መስመሩ ይህን ስለሚያነሣ ሁለቱን አብሮ መስጠት የተለመደ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቃል፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በቀጥታ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ሐሳቡን ያሳድርበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት አንባቢ ወረቀት ሞልቶ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰውና ለጤና ባለሙያ ይንገር።

ሁለተኛው የጎደለው ነገር ኑሮ ነው። ፒሲኤል-5 ምልክቱ ምን ያህል እንዳስቸገረ ይጠይቃል እንጂ ሥራን፣ ትምህርትን፣ ትዳርንና ወላጅነትን ምን እንዳደረጋቸው አይጠይቅም። በዚህ በኩል አይቲኪው የተባለው ዓለም አቀፍ የትራውማ መጠይቅ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ይህ መጠይቅ አይሲዲ-11 የተባለውን የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ዝርዝር ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፣ እሱም በነጻ ይገኛል። ከ18 ጥያቄዎቹ 12ቱ ስለ ምልክት፣ 6ቱ ስለ ኑሮ ናቸው። ደግሞም ከተደጋገመና ሰው ሊያመልጠው ካልቻለ በደል በኋላ የሚታየውን ውስብስብ ፒቲኤስዲን፣ ማለትም ስሜትን መግዛት አለመቻል፣ ራስን እንደ ምናምንቴ መቁጠርና ከሰው ጋር መቀራረብ መክበድ የተጨመሩበትን፣ ለይቶ ያወጣል። በልጅነቱ ለዓመታት ከተበደለ ሰው ጋር የሚሠራ ባለሙያ አንድ መጠይቅ ብቻ ምረጥ ቢባል አይቲኪውን እንዲመርጥ እመክራለሁ። ለአንድ ጊዜ አደጋና ሳምንት በሳምንት ለሚደረግ ክትትል ግን ፒሲኤል-5 ይበልጥ ይመቸኛል፤ መስመሮቹ ስለሚበዙ ትንሹ ለውጥ የሚታይበት ቦታ አለው።

አይኢኤስ-አር የተባለውን ሌላ የትራውማ መጠይቅም በአጭሩ ላንሣው። የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1979 በማርዲ ሆሮዊትዝና በባልደረቦቹ በ15 ጥያቄዎች ወጣ፤ በ1997 በዌይስና በማርማር ተሻሽሎ 22 ጥያቄ ኖረው፤ ያለፉትን ሰባት ቀናት ይጠይቃል። የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ ምርመራውን መስመር በመስመር ስለማይከተል ግን ዛሬ ለክትትል ካልሆነ አልመርጠውም። ቁርጡን ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ካፕስ-5 የተባለው በሠለጠነ ባለሙያ የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ አለ፤ 30 ነጥቦችን ይዳስሳል፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚታመነው ምርመራም ከእሱ ይገኛል።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። ፒቲኤስዲ ለመባል ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ መቆየት አለባቸው። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ አለመተኛትና መበርገግ የብዙ ጤነኛ ሰው ምላሽ ስለሆነ፣ በዚያን ሰሞን የተሞላ ወረቀት 50 ቢያሳይም ለምርመራ አይበቃም። ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ፤ ከወር በኋላ ይደገም።

ሰው እውነቱን ይሞላል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣብኛል። ይህ የሚወሰነው ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው ነው። ውጤቱ ከሥራ ሊያስወጣው የሚችል ሰው ዝቅ አድርጎ ይሞላል፤ ካሣ የሚያስገኝለት ሰው ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ብዙው ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ሌላው የባሰ ደርሶበታል ብሎ ራሱን እያሳነሰ 1 1 እያለ የሚወርድ ነው። ስለዚህ ከመሙላቱ በፊት ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በግልጽ መንገር ከጨዋነት አልፎ የመጠይቁ አሠራር አካል ነው። በስልክ መተግበሪያ የሚሞሉም ይህንኑ ይጠይቁ። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን ፒቲኤስዲ ኮችን የመሰሉ ነጻ መተግበሪያዎች ራስን መከታተያ መጠይቅ አላቸው፤ ስልኩን ቤተሰቡ ሁሉ የሚነካካው ሰው ግን፣ በተለይ ጥቃት የደረሰባት ሴት ከጥቃት አድራሹ ጋር በአንድ ቤት የምትኖር ከሆነ፣ መልሶቹን እዚያ ባታኖር ይሻላታል።

እኔ መጠይቁን ከሰጠሁ በኋላ ደምሬ አልጀምርም። ወረቀቱን በሁለታችን መካከል አስቀምጬ፣ ከእነዚህ መስመሮች አስቀድሞ ቢቀልልዎ የሚመርጡት የትኛውን ነው እላለሁ። የሚመረጠው ከፍተኛ ቁጥር ያለው መስመር ላይሆን ይችላል። ብዙዎች 20ኛውን፣ እንቅልፍን፣ ያሳዩኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ 2 ብቻ የከበበበትን 13ኛውን፣ ከሰው መራቅን፣ ያሳየኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሚስቱ ማውራት ይጀምራል። ድምሩን የምሠራው ከእነሱ መሄድ በኋላ ነው።

ለእኔ እንዲህ አልተደረገልኝም። ወረቀቱን የሰጠኝ ተቋም ተቀብሎኝ ሄደ፤ ስለ እሱ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ከወራት በኋላ የመዝገቤን ቅጂ ስጠይቅ ያ ወረቀት አብሮ ወጣ፤ ከታች በቀይ እስክሪብቶ 38 ተብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። ሌላ ምልክት የለውም። በ18ኛው መስመር ላይ፣ ስለ መበርገግ በሚጠይቀው፣ 4 ቁጥርን ስከብ እርሳሱን ከመጫኔ የተነሣ ወረቀቱ ተቀዶ ነበር፤ በቅጂው ላይ ቀዳዳው ጥቁር ነጥብ ሆኖ እስከ ዛሬ ይታያል።